የማርችና የኖቬምበር የሰዓት ለውጥ፦ የልጆች እንቅልፍ፣ ጾም፣ መድኃኒትና የአገር ቤት ስልክ

በ2026 ማርች 8 ቀን (የካቲት 29 ቀን 2018 ዓ.ም.) እሑድ ሌሊት፣ በአብዛኛው አሜሪካ ከ1:59 ቀጥሎ የሚመጣው 2:00 ሳይሆን 3:00 ነው፤ አንድ ሰዓት ይዘለላል። ኖቬምበር 1 ቀን (ጥቅምት 22 ቀን 2019 ዓ.ም.) እሑድ ሌሊት ደግሞ 1:59 ሲያልፍ ወደ 1:00 ይመለሳል፤ ያው አንድ ሰዓት ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ሕጉ የያዘው ቀኑን ሳይሆን እሑዱን ነው፦ የማርች ሁለተኛ እሑድና የኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ። ሃዋይና አብዛኛው አሪዞና አይቀይሩም። አብዛኛው አውሮፓ የሚቀይረው በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑዶች ሲሆን፣ በ2026 ማርች 29 እና ኦክቶበር 25 ላይ ይውላል። እስራኤል ከማርች የመጨረሻ እሑድ በፊት ባለው ዓርብ ወደፊት ትገፋለች፣ በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ትመልሳለች። ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኤምሬትስ፣ ኳታር፣ ኩዌት፣ ባሕሬንና ኦማን አይነኩትም፤ ኢትዮጵያም እንዲሁ።

ከመቀጠላችን በፊት ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር። እዚህ 7:00 ብለን በሁለት ነጥብ የጻፍነው ሁሉ የሚኖሩበት አገር ሰዓት ነው። «1 ሰዓት» ብለን የጻፍነው ከጠዋት 12 ጀምሮ የሚቆጠረው የኛው ሰዓት ነው።

ስለ ስሙም እንዲሁ። አንዳንዶች ከማርች እስከ ኖቬምበር ያለውን «የበጋ ሰዓት» ይሉታል። በኛ አቆጣጠር ግን በጋ የሚባለው ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ነው፤ አብዛኛው አሜሪካና አውሮፓ በብርድ የሚንቀጠቀጥበት ጊዜ ማለት ነው። ልጁ «ክረምት» ብሎ በረዶውን ሲያስብ፣ አያቱ ሐምሌና ነሐሴን፣ ዝናቡን ታስባለች። ስለዚህ «የማርች ለውጥ» እና «የኖቬምበር ለውጥ»፣ «የብርድ ወራት» እና «የሙቀት ወራት» እያልን እንቀጥላለን። በቤትም እንዲህ ቢባል ቀጠሮ ላይ የሚፈጠር ብዙ አለመግባባት ይቀራል።

ኢትዮጵያ ይህን ያላስፈለጋት ለምን እንደሆነ ለማየት የቀኑን ርዝመት ማስላት ይበቃል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ሰሜን ስለሆነች፣ በዓመቱ ረጅም ቀንና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ፀሐይ 12 ሰዓት አካባቢ ትወጣለች፣ 12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች፤ ሰዓታችንም ከዚያው ይጀምራል። ዋሽንግተን ግን በዲሴምበር የቀን ብርሃን የምታገኘው 9 ሰዓት ተኩል ያህል ሲሆን በጁን ወደ 15 ሰዓት ይደርሳል። ሲያትል ከ8 ሰዓት ተኩል ወደ 16 ይሄዳል። ስቶክሆልም ከ6 ሰዓት እስከ 18 ሰዓት ተኩል ይለጠጣል። በሙቀት ወራት ፀሐይ ሰው ገና ሳይነቃ ስለምትወጣ፣ ያን የጠዋት ብርሃን ወደ ማታ ለማዛወር ሰዓቱን ይገፉታል። ጀርመን በ1916 በጦርነቱ ጊዜ ነዳጅ ለመቆጠብ ጀመረችው፣ አሜሪካ በ1918 ተከተለች፤ የአሁኑ የአሜሪካ ቀን አደላደል በ2005 በወጣ ሕግ ተወስኖ ከ2007 ጀምሮ ይሠራበታል። አሜሪካ በጃንዋሪ 1974 ሰዓቱን ዓመቱን ሙሉ ወደፊት ገፍታ ለመቆየት ሞክራ ነበር። ልጆች በድቅድቅ ጨለማ ትምህርት ቤት መሄዳቸው ወላጆችን ስላስቆጣ በዚያው ዓመት ተወችው። የአውሮፓ ፓርላማ በ2019፣ የአሜሪካ ሴኔት በ2022 ለውጡ እንዲቀር ድምፅ ቢሰጡም ሁለቱም ጋ ተግባራዊ አልሆነም። እንግዲህ ለጊዜው አብረን የምንኖረው ነገር ነው።

ሰውነት ሰዓቱን የሚያውቀው በምን ነው?

አንጎላችን ውስጥ ከዓይን ነርቮች መገናኛ በላይ የተቀመጠ በጣም ትንሽ የሕዋሳት ስብስብ አለ። የእንቅልፍን፣ የረሃብን፣ የሰውነት ሙቀትን ዑደት የሚመራው እሱ ነው። የራሱ ዑደት በአብዛኛው ሰው ላይ ከ24 ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። በዚህም ምክንያት ማምሸት ይቀለናል፣ ቀድሞ መተኛት ይከብደናል፤ የማርች ለውጥ ከኖቬምበሩ የሚከብደውም ለዚህ ነው። ይህን ሰዓት በየቀኑ የሚያስተካክለው ዋናው ነገር ዓይን ውስጥ የሚገባ ብርሃን ነው። የጠዋት ብርሃን ዑደቱን ወደፊት ይስበዋል፣ በማግስቱ ቀድሞ እንቅልፍ ይመጣል። የማታ ብርሃን በተቃራኒው ያዘገየዋል፤ እንቅልፍ የሚጠራው ሜላቶኒን የሚባለው ሆርሞን እንዳይወጣ ይይዘዋል።

በማርች የሚሆነውን ከዚህ ጋር አያይዘው ይዩት። ዋሽንግተን ላይ ቅዳሜ ማርች 7 ፀሐይ 6:30 ገደማ ወጥታ 6:05 ገደማ ትጠልቃለች። በማግስቱ በአዲሱ ሰዓት 7:30 ገደማ ትወጣና 7:05 ገደማ ትጠልቃለች። ሰዓቱ «ቀድመህ ተነሣ» ሲል ጠዋቱ ይጨልማል፣ «ቀድመህ ተኛ» ሲል ማታው ይበራል። ልጁ ሰኞ ጠዋት አልነሣም የሚለው ስንፍና ይዞት አይደለም፤ ሁለቱም ምልክቶች የሚነግሩት ከእናቱ ትእዛዝ የተለየ ነው። ስለዚህ ከመኝታ ሰዓቱ ይልቅ ብርሃኑን ማዛወር ላይ ቢበረቱ ድካሙ ፍሬ አለው።

የማርች ሳምንት፦ ከሐሙስ ጠዋት ይጀመራል

የ7 ዓመት ልጅ 8:30 ተኝቶ 6:30 የሚነሣ ከሆነ፣ አንዱን ሰዓት በአራት ቀን በ15 በ15 ደቂቃ ይከፋፍሉት። ሐሙስ ማታ 8:15፣ ዓርብ 8:00፣ ቅዳሜ 7:45፣ እሑድ በአዲሱ ሰዓት እንደ ወትሮው 8:30 ይተኛል። መነሻውም አብሮ ይሄዳል፦ ሐሙስ 6:15፣ ዓርብ 6:00፣ ቅዳሜ 5:45፤ እሑድ በአሮጌው 5:30 ሲል አዲሱ ሰዓት 6:30 ነው፣ ሥራው አለቀ። እራትን፣ ገላ መታጠብን፣ የቀን እንቅልፍንም በዚያው 15 ደቂቃ ያስቀድሙ። ሆድም የራሱ ሰዓት አለው፤ እራት በቀድሞው ጊዜ ቀርቦ መኝታ ብቻ ቢቀድም ልጁ ሆዱ ሞልቶ አልጋ ላይ ይገላበጣል።

ይህ ሲበላሽ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የሚበላሸው በአንድ ቦታ ነው፦ ጠዋት ሳያስነሡ ማታ ቀድሞ ማስተኛት። እንቅልፍ የሚመጣው ነቅተን በቆየንበት ልክ ነው። 6:30 የተነሣ ልጅ 7:45 ላይ ገና እንቅልፍ አልተጠራቀመለትም፤ ሙሉ ሰዓት ይነታረካችኋል፣ እናንተም «አልሠራም» ብላችሁ ትተዉታላችሁ። መጀመሪያ ጠዋቱን ያስቀድሙ፣ ማታው ይከተላል። ሁለተኛው መሰናክል ዓርብና ቅዳሜ ማታ ነው፤ ሰርግ፣ ክርስትና፣ እንግዳ። ያ ሳምንት ዝግጅት ካለው አራቱን ቀን ከሰኞ ጀምረው ዓርብን በእረፍት ያሳልፉት፤ ወይም ለውጡ ካለፈ በኋላ ሰኞና ማክሰኞ በቀስታ ይጨርሱት። ሦስተኛው እሑድ ከሰዓት የሚተኛ ረጅም እንቅልፍ ነው። ከ20 ደቂቃ ካለፈ የማታውን ይበላዋል።

ብርሃኑን እንዲህ ያዛውሩ፦ ልጁ እንደተነሣ መጋረጃ ይከፈት፣ ቁርስ መስኮት አጠገብ ይሁን፣ ከተቻለ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውጭ ይቆይ። ደመናማ ቀን እንኳ ውጭ ያለው ብርሃን ከሳሎን አምፖል በብዙ እጥፍ ይበልጣልና «ዛሬ ፀሐይ የለም» ብለው አይቅሩ። ማታ ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት ትልቁ የኮርኒስ መብራት ይጥፋ፣ ስልክና ታብሌት ከመኝታ ክፍል ይውጡ። መጋረጃው ስስ ከሆነ ጥቁር ወፍራም ጨርቅ ይደርቡበት፤ ከኤፕሪል በኋላ ፀሐይ እስከ 8:00 ስትቆይ ያለዚያ ትንሽ ልጅ ማስተኛት አይቻልም።

ለአዋቂዎች ቡና ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ካፌይን በአብዛኛው ሰው ደም ውስጥ ግማሹ እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። እሑድ ከሰዓት 5:00 ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ የጨረሰ ሰው፣ 10:00 ላይ ገና ከዚያ ግማሹን ተሸክሞ አልጋ ይገባል። በለውጡ እሑድ ቡናው ከቅዳሴ መልስ፣ ከቀትር በፊት ይፈላ።

ስንት ሰዓት መተኛት እንዳለበት ሳያውቁ ለውጡ ጎዳው አልጎዳው ማለት አይቻልም። በ24 ሰዓት ውስጥ የቀን እንቅልፍን ጨምሮ ከ4 እስከ 12 ወር ያለ ሕፃን ከ12 እስከ 16 ሰዓት፣ ከ1 እስከ 2 ዓመት ከ11 እስከ 14፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ከ10 እስከ 13፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ከ9 እስከ 12፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያስፈልጋል። አዋቂ ቢያንስ 7። ጥቂት ወር ብቻ የሆነው ሕፃን ገና የተደላደለ ዑደት ስለሌለው ለእሱ መርሐ ግብር ማውጣት አያስፈልግም፤ ሲርበው ይብላ፣ ሲደክመው ይተኛ።

ጎረምሶችን በተለየ ዓይን እንድታዩ እንለምናለን። በዚያ ዕድሜ የሰውነት ሰዓት በተፈጥሮ ይዘገያል፤ 11:00 ድረስ እንቅልፍ አለመምጣቱ ጥጋብ አይደለም። ለእነሱ የሚሠራው ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ከትምህርት ቀን መነሻቸው ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳይዘገዩ ማድረግና ጠዋት ብርሃን ማስገኘት ነው። መኪና የሚነዳ ጎረምሳ ካለ፣ የለውጡ ሰኞ ጠዋት ሌላ ሰው ቢያደርሰው ይሻላል።

አዲስ አበባ አሁን ስንት ሰዓት ነው?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሰዓት ልዩነቱን ይደምራል፣ ከዚያ ስድስት ይቀንሳል፣ መሐል ላይ ይሳሳታል። አያስፈልግም። የሚያዩት ሰዓት ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ጨምረው ወይም ቀንሰው በቀጥታ የአዲስ አበባን ሰዓት በኛ አቆጣጠር ማግኘት ይችላሉ። ከ12 ካለፈ 12 ይቀንሱ፤ ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች ከሆነ 12 ይጨምሩ።

ዋሽንግተን፣ አትላንታ፣ ኒውዮርክ፣ ቶሮንቶ፦ በብርድ ወራት 2 ይጨምሩ፣ ከማርች ለውጥ በኋላ 1።
ዳላስ፣ ሚኒያፖሊስ፦ 3 ይጨምሩ፣ ከዚያ 2።
ዴንቨር፦ 4 ይጨምሩ፣ ከዚያ 3።
ሲያትል፣ ሎስ አንጀለስ፦ 5 ይጨምሩ፣ ከዚያ 4።
ለንደን፦ 3 ይቀንሱ፣ ከዚያ 4።
ፍራንክፈርት፣ ሮም፣ ስቶክሆልም፦ 4 ይቀንሱ፣ ከዚያ 5።
ቴል አቪቭ፦ 5 ይቀንሱ፣ ከዚያ 6።
ሪያድ፣ ዶሃ፣ ኩዌት፦ ዓመቱን ሙሉ 6 ይቀንሱ። ዱባይ ዓመቱን ሙሉ 7።

ዋሽንግተን እሑድ ጠዋት 10:00 ላይ ሲደውሉ፣ በፌብሩዋሪ አዲስ አበባ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ ከማርች 8 በኋላ 11 ሰዓት። ሲያትል በጃንዋሪ ማታ 8:00 ሲሆን ድምሩ 13፣ ማለትም 1 ሰዓት፣ በማግስቱ ጠዋት ነው። ቁጥሩ ጠዋት ይሁን ማታ አይነግርም፤ እሱን በራስዎ ማገናዘብ አለብዎ። ከአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ማታ የሚደወል ስልክ አዲስ አበባ የሚደርሰው ጎሕ ሲቀድ ነው።

ዋሽንግተን፣ ለንደንና አዲስ አበባ ያሉ ዘመዳሞች በየሳምንቱ በዙም የሚገናኙ ከሆነ ችግሩ ከማርች 8 እስከ 29 ባሉት ሦስት ሳምንታት ይመጣል። በፌብሩዋሪ ዋሽንግተን ቀትር 12:00 ሲሆን ለንደን 5:00፣ አዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነበር። አሜሪካ ቀድሞ ሲቀይር ለንደን 4:00፣ አዲስ አበባ 1 ሰዓት ይሆናል። ለንደን ሲቀይር ወደ 5:00 ይመለሳል፣ አዲስ አበባ ግን 1 ሰዓት ላይ ይቆያል። እንደገና ከኦክቶበር 25 እስከ ኖቬምበር 1 ያው መዛባት ለአንድ ሳምንት ይመጣል። መፍትሔው ስብሰባውን ከማይንቀሳቀሰው ጋር ማሰር ነው፦ «ሁልጊዜ በአዲስ አበባ ሰዓት ከምሽቱ 2 ሰዓት» ይባል፣ የተቀየረው አገር ራሱ ያስላ። ስልክ ላይ ያለው ካላንደር ቀጠሮ ሲይዙ የሰዓት ክልል ያስመርጣል፤ አዲስ አበባን ይምረጡ። አዲስ አበባ ካልተዘረዘረ ናይሮቢ ያው ነው።

ቤት ውስጥ ለወላጆች የተሰቀለ የኢትዮጵያ ሰዓት ካለ ከመንካትዎ በፊት የትኛውን ሰዓት እንደሚቆጥር ይጠይቁ። አገር ቤት ያለውን ሰዓት የሚያሳይ ከሆነ በጭራሽ አይነካም። የሚኖሩበትን አገር ሰዓት በስድስት ቀንሶ የሚያሳይ ከሆነ ግን ከሌሎቹ ጋር መዞር አለበት። ለእናቶችና ለአባቶች ቀጠሮ ሲነገር «ጠዋት 4 ሰዓት፣ በነሱ 10:00» ብሎ ሁለቱንም መናገርና መጻፍ ይጠቅማል። 10:00 ብቻ ከተባለ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ብለው ጠብቀው ቀጠሮው ያልፋል።

ስልክና ኮምፒውተር በራሳቸው ይዞራሉ። የማይዞሩት ኦቭን፣ ማይክሮዌቭ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ የድሮ የማሞቂያ መቆጣጠሪያና ብዙ መኪናዎች ናቸው። ቅዳሜ ማታ ከመኝታ በፊት አዙረው ይጨርሱ፤ ሌሊት ወደ ማኅሌት ወይም ኪዳን የሚሄድ ሰው መኪናው ውስጥ ያለውን ሰዓት አምኖ በማርች አንድ ሰዓት ዘግይቶ፣ በኖቬምበር አንድ ሰዓት ቀድሞ ይደርሳል።

ጾም

በ2026 የማርች ለውጥ በዐቢይ ጾምም በረመዳንም ውስጥ ይወድቃል። ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ይገባል፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው፣ ከለውጡ በኋላ ሰዓቱ 3:00 ሲል ፀሐይዋ ግን እንደ ትናንቱ 2:00 ላይ ናት። በፀሐይ የሚሄድ ከሆነ ወደ 4:00 ይደርሳል። የትኛው ይሁን የሚለውን የንስሐ አባት ይወስኑ፤ እኛ ልናስገነዝብ የምንፈልገው ሁለቱን ማደባለቅ ቤቱን እንደሚያናጋ ነው። እናት በሰዓት፣ አባት በፀሐይ ከጾሙ ማዕድ አይገናኝም።

ረመዳን ግን ሙሉ በሙሉ በፀሐይ ስለሚሄድ ጾሙ አይረዝምም፣ አያጥርም። የሚለወጠው ቁጥሩ ነው፦ ዋሽንግተን ላይ ኢፍጣር ከ6:05 ገደማ በአንድ ቀን ወደ 7:05 ገደማ ይዘላል። ከኢፍጣር በኋላ ተራዊሕ፣ ከዚያ እንቅልፍ፣ ከዚያ ሱሑር ነው፤ ሥራና ትምህርት ቤት ግን በቀድሞው ቁጥር ይጀምራሉ። የሚጠፋው ሰዓት ከሌሊቱ እንቅልፍ ስለሚቀነስ፣ በዚያ ሳምንት ከሥራ መልስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መተኛት ይበጃል። የታተመ የጸሎት ሰሌዳ የሚጠቀሙ ከሆነ ለውጡን አስገብቶ የተዘጋጀ መሆኑን ያረጋግጡ።

የሌሊት ሥራና መድኃኒት

አሜሪካ ውስጥ ከ11:00 እስከ 7:00 በሌሊት ሺፍት የሚሠራ ሰው በማርች ለውጥ ሌሊት የሚሠራው 7 ሰዓት፣ በኖቬምበሩ 9 ሰዓት ነው። የፌዴራሉ ሕግ የሚያስከፍለው በእርግጥ የተሠራውን ሰዓት ነው። በኖቬምበሩ ሌሊት ያ ዘጠነኛ ሰዓት ሳምንቱን ከ40 ካሳለፈው፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ለሚገባው ሠራተኛ በአንድ ተኩል ይከፈላል። የክፍያ ሶፍትዌር ተደጋጋሚውን ሰዓት ሊጥለው ስለሚችል፣ የገቡበትንና የወጡበትን ጊዜ ወረቀት ላይ ይጻፉ፣ የደመወዝ ወረቀቱ ሲመጣ ያስተያዩ።

በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ የደም ግፊት ክኒን አንድ ሰዓት ቢዛነፍ አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም። ኢንሱሊን፣ የሚጥል በሽታና የፓርኪንሰን መድኃኒት ግን እንደዚያ አይደሉም፤ ከለውጡ ሳምንት በፊት ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን «እንዴት ላዛውር?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የኢንሱሊን ፓምፕና የስኳር መለኪያ ብዙዎቹ ሰዓታቸውን በእጅ የሚቀይሩ ናቸው። ፓምፑ ለሌሊትና ለቀን የተለያየ መጠን የሚሰጥ ከሆነ፣ ያልተቀየረ ሰዓት ማለት በተሳሳተ ጊዜ የገባ ኢንሱሊን ነው። በኖቬምበር ሌሊት 1:30 ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ በዚያ ሰዓት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይወስድ፣ በቀን የተከፋፈለ የክኒን ሳጥን ይጠቀም።

ኖቬምበር፦ በ5:00 የሚነቃ ልጅና በ5:00 የሚመጣ ጨለማ

«አንድ ሰዓት ተጨማሪ እንተኛለን» የሚሉት ትንሽ ልጅ የሌላቸው ናቸው። 6:00 ይነቃ የነበረ ልጅ እሑድ 5:00 ላይ አልጋችሁ አጠገብ ይቆማል። አስቀድሞ ከረቡዕ ጀምሮ መኝታውንም እራቱንም በ15 በ15 ደቂቃ ማዘግየት ይቻላል። ከነቃ በኋላ ግን ወሳኙ ክፍሉን ጨለማ አድርጎ ማቆየት ነው። 5:00 ላይ መብራት አብርቶ፣ ወተት ሰጥቶ፣ ካርቱን መክፈት ለሰውነቱ «ጠዋትህ ይኸው ነው» ብሎ እንደ መፈረም ነው፤ ሳምንታት ይቆያል። በጨለማው፣ በዝቅተኛ ድምፅ፣ በየቀኑ 10 ደቂቃ እየጨመሩ ያቆዩት። በአንድ ሳምንት ገደማ ይመለሳል።

ዋሽንግተን ላይ ከለውጡ በኋላ ፀሐይ 5:05 ገደማ ትጠልቃለች። ከትምህርት ቤት ወይም ከዴይኬር የሚመለስ ልጅ በጨለማ መንገድ ይሻገራል። ቦርሳው ላይ የመኪና መብራት ሲያርፍበት የሚያበራ ጥብጣብ ይለጥፉ፣ ጥቁር ጃኬት ለብሶ ለብቻው አይሂድ። ከከተማ ወጣ ብለው የሚነዱ ደግሞ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ምሽት ላይ አጋዘን መንገድ እንደሚያቋርጥ ያስቡ፤ አንዱ ካለፈ ሌላ ይከተለዋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ከሰል ነው። ብርዱ ሲገባ መስኮት ይዘጋል፣ ቡናና ዕጣን ግን ይቀጥላል። የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ አይሸትም፣ አይታይም፣ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ቀይ መሆኑ ከሰሉ «ነጽቷል» ማለት አይደለም፤ ጋዙ የሚወጣው ያኔም ነው። መስኮት ትንሽ መክፈትም አያስተማምንም። ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ይቆላ፣ ይፈላ፤ ዕጣኑ በኤሌክትሪክ ማጨሻ ይጨስ። ከሰል ካስፈለገ ደጅ ይሁን፤ ጋራዥ፣ በረንዳና መስኮት ሥር ደጅ አይደሉም። ቤት ውስጥ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ራሱን ሲያመው፣ ሲያዞረው፣ ሲያቅለሸልሸው «ዕጣኑ በዛብኝ» ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ሁሉም ወዲያው ይውጣ፣ ውጭ ሆናችሁ አሜሪካ 911፣ አውሮፓ 112 ይደውሉ። ቡና ሲቆላ የጭስ አላርሙ ስለጮኸ ባትሪው ወጥቶ መሳቢያ ውስጥ የቀረበት ቤትም ጥቂት አይደለም። ሰዓት በሚዞርበት ቀን አላርሞቹን ሁሉ ቁልፋቸውን ተጭነው ይሞክሩ፣ ባትሪ ይቀይሩ፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርሙ ከመኝታ ክፍሎች አጠገብ ይሁን። ቡና የሚቆላው ደግሞ የማብሰያው አየር መሳቢያ ተከፍቶ ነው።

የእንጀራው ሊጥም ብርዱን ያውቃል። በሙቀት ወራት በሁለት በሦስት ቀን የሚቦካ ሊጥ በጃንዋሪ አራትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ያልደረሰው ሲጋገር ዓይን አያወጣም። በለብ ያለ ውኃ ያቡኩ፣ እርሾውን ጨመር ያድርጉ፣ ሊጡን ያልበራ ኦቭን ውስጥ አምፖሉን ብቻ አብርተው ያስቀምጡ። የኦቭኑ መክፈቻ ላይ «ሊጥ አለ» የሚል ወረቀት ይለጥፉ፤ ሳያይ ያበራው ሰው ፕላስቲኩን ከነሊጡ ያቀልጠዋል። ቅዳሜ የሚጋግር ሰው በብርድ ወራት የሚያቦካው ማክሰኞ ነው።

ስለ ቫይታሚን ዲም ማንሣት አለብን። ጠቆር ያለ ቆዳ ይህን ቫይታሚን ለመሥራት ከነጣው ቆዳ የበለጠ ፀሐይ ይፈልጋል፤ በሰሜኑ የብርድ ወራት ደግሞ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትሄድ የሚሠራው ጨረር ብዙም አይደርስም። በመስኮት መስታወት የገባ ፀሐይ ይሞቃል እንጂ ለዚህ አይረዳም። ጡት ብቻ ወይም በአብዛኛው ጡት የሚጠባ ሕፃን ከተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ በቀን 400 ዩኒት በጠብታ እንዲሰጠው የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ይመክራል። ከ1 እስከ 70 ዓመት በቀን 600፣ ከዚያ በላይ 800 ዩኒት ያስፈልጋል። ወተትና እንቁላል በማይቀርብባቸው የጾም ሳምንታት ከምግብ የሚገኘው ይቀንሳልና ለልጆችና ለነፍሰ ጡር ሴቶች ሐኪም ይጠየቅ። ጠብታ ሲገዙ በአንድ ጠብታ ስንት ዩኒት እንዳለ ጠርሙሱ ላይ ያንብቡ፤ አንዱ ጠርሙስ 400ውን በአንድ ጠብታ ሲይዝ ሌላው በሙሉ መምጠጫ ይይዘዋል።

በኖቬምበርና በማርች መካከል በየዓመቱ የሚደበርዎ፣ ከአልጋ መነሣት የሚያቅትዎ፣ ከሰው የሚሸሹ ከሆነ ደግሞ ይህ ወቅታዊ ድብርት የሚባል፣ የሚታከም ሕመም ነው። ለዚሁ የተሠራ 10,000 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) የሚሰጥ መብራት ጠዋት እንደተነሡ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ከፊት ለፊት አስቀምጦ ቁርስ መብላት ብዙዎችን ይረዳል። መብራቱን ትኩር ብለው አይዩት፣ ማታ አያብሩት፤ የዓይን ሕመም ያለበት ወይም ስሜቱ ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚል ሰው ሐኪም ሳያማክር አይጀምረው። ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሰው «ጠዋት» የሚለው ከእንቅልፉ የሚነቃበትን ሰዓት ነው፤ መብራቱም በዚያ ሰዓት ይበራ፤ ከሥራ ሲመለስ ደግሞ ጥቁር መነጽር አድርጎ ወደ ጨለማ ክፍል ይግባ።